አምስት ቀለበት

አማርኛ ለወተትና ለደም አንድ ግስ ነው ያለው። ወተት ይረጋል፣ ደምም ይረጋል። የረጋው ወተት «እርጎ» የሚል ስም አግኝቶ ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ የረጋው ደም ግን የራሱ ስም እንኳ የለውም፣ «የረጋ ደም» ተብሎ ይታለፋል። የተቆጣን ሰውም «ረጋ በል» እንለዋለን። እንግዲህ በእኛ አነጋገር መርጋት መልካም ነገር ነው፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላዋ ለነካት ሴትም በእርግጥ መልካም ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ደሙ የመርጊያ ቦታውን ሲስት ነው፤ በባት ሥር ውስጥ፣ በሳንባ፣ በልብ። እኔ ግን ዛሬ ስለ በሽታው አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ሥራ ነው፤ የሰው እጅ ስላልነካው፣ ግን ጥሩ አንጥረኛ ቢያየው ስለሚቀናበት ሥራ።

ከአንድ ክንድ፣ በአንድ መርፌ፣ ሁለት ቲዩብ ደም ተቀዳ እንበል። አንደኛው ምንም ያልተጨመረበት የብርጭቆ ቲዩብ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ ክዳን አለው፤ የውስጥ ግድግዳውን ዓይን የማይለየው ስስ ሄፓሪን ሸፍኖታል። ደም የቀዳችው ባለሙያ አረንጓዴውን ሳትንጠው ስምንት አሥር ጊዜ ቀስ እያለች ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ ሁለቱንም መደርደሪያው ላይ ታቆማቸዋለች። ጥቂት ቆይታችሁ የመጀመሪያውን ቲዩብ ዘንበል ብታደርጉት ደሙ አብሯችሁ አይዘነብልም፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛው እንደተቀዳ ነው። በሴንትሪፉጅ ቢሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ይቀራል። ፕላዝማ የምንለው ይህንን ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ያህል ባልደነቀኝ። ደምን ከመርጋት ማገድ ከባድ አይደለም። ወይን ጠጅና ሰማያዊ ክዳን ያላቸው ቲዩቦችም ደም አያስረጉም። የእነሱ ዘዴ ግን ንጥቂያ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ኬሚካል የደሙን ካልሲየም ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ያለ ካልሲየም ደግሞ የመርጋቱ ሥራ አይሄድም። ሄፓሪን ምንም ነገር አይነጥቅም። ከአረንጓዴው ቲዩብ የወጣውን ፕላዝማ ብትመረምሩት ካልሲየሙ አለ፣ ፋይብሪኖጅኑ አለ፣ ፕሮትሮምቢኑ አለ። ማገዶው ተከምሯል፣ ክብሪቱም ከጎኑ ነው፤ እሳት ግን አልተነሣም። ታዲያ ሄፓሪን ምን አደረገ?

መልሱን ለመረዳት መጀመሪያ የሚታገደውን ማወቅ ያስፈልጋል። በመርጋት ሥራ ውስጥ ዋናው ሠራተኛ፣ ከፕሮትሮምቢን የሚወጣው፣ ትሮምቢን የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ሥራው የመቀስ ነው። በፕላዝማ ውስጥ በገፍ የሚዋኘው ፋይብሪኖጅን በራሱ ጊዜ ከወንድሙ ጋር አይያያዝም፤ እንዳይያያዝ የሚከለክሉት አራት ትንንሽ ጫፎች አሉት። ትሮምቢን እነዚህን ጫፎች ይቆርጣቸዋል። ጫፉ የተቆረጠው ፋይብሪኖጅን ፋይብሪን ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው ጋር እየተደራረበ ክር ይሠራል፣ ክሩ መረብ ይሆናል፣ መረቡ ቀይ የደም ሴሎችን እንደ ዓሣ ይይዛል። ትሮምቢን የሚቆርጥበት ቦታ አመል አለው፤ አርጂኒን የምትባል አሚኖ አሲድ ካየ ከጎኗ ይቆርጣል። ይህን አመሉን ያዙልኝ፤ ኋላ የሚጠመደው በዚሁ ነው። ሌላም ጠባይ አለው፤ ሲሠራ የሚቀድሙትን፣ ፋክተር የሚባሉ የመርጋት ፕሮቲኖች ያነሣሣቸዋል፣ እነሱም ተመልሰው ተጨማሪ ትሮምቢን ይወልዳሉ። ጥቂት ትሮምቢን ብዙ ትሮምቢን የሚሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚያግደው ነገር ካለ መፍጠን አለበት።

የሄፓሪን ታሪክ ራሱ በተገላቢጦሽ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1916 በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ጄይ ማክሊን የሚባል የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ በፕሮፌሰር ዊልያም ሃውል ላቦራቶሪ ውስጥ ደምን የሚያስረጋ ቅባት ከእንስሳ አካል እያወጣ ያጠና ነበር። ከውሻ ጉበት ያወጣው ቅባት ግን ሲቆይ የማስረጋት ኃይሉ ጠፋ፤ ጠፍቶም አልቀረም፣ ደምን ጭራሽ ከመርጋት ያግድ ጀመር። ማክሊን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደጻፈው፣ የድመት ደም በትንሽ ብርጭቆ አድርጎ ያንን ነገር ጨመረበትና ሃውል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ሲረጋ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ደሙ አልረጋም። ሃውልና የሥራ ባልደረባው ሆልት በ1918 «ሄፓሪን» አሉት፤ በግሪክኛ ጉበት ማለት ከሆነው ቃል ወስደው። እዚህ ላይ ታሪክ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ ማክሊን ያገኘው በቅባት የሚሟሟ ነገር ነበር፣ ዛሬ ሄፓሪን የምንለው ግን ሃውል በኋላ ያገኘው፣ በውኃ የሚሟሟ የስኳር ሰንሰለት ነው። ስሙ የተወረሰው ከአንዱ ነው፣ ሥራው የሌላው ነው። ስኳር መሆኑ፣ ያውም በሰልፌት የታጨቀ ስኳር መሆኑ ጎልቶ የታወቀው በ1935 በስቶክሆልም በኤሪክ ዮርፔስ ሥራ ነው። በዚያው ዘመን በቶሮንቶ የቻርልስ ቤስት ቡድን ለሰው የሚሰጥ ንጹሕ ሄፓሪን አዘጋጀ፤ ቤስት ከኢንሱሊን ግኝት ጋር ስሙ የሚነሣው ያው ሰው ነው።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን በ1939 በአሜሪካ አይዋ ግዛት የተደረገው ሙከራ ነው። ብሪንክሃውስ፣ ስሚዝ፣ ዋርነርና ሲገርስ የሚባሉ አራት ሰዎች የመርጋትን ንጥረ ነገሮች ከፕላዝማ ለይተው አነጠሩና በንጹሑ ላይ ሄፓሪን ጨመሩ። ሄፓሪን ምንም አላደረገም። በመላ ፕላዝማ ውስጥ ደምን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ኃይለኛ ነገር፣ በተነጠረው ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጥቂት ፕላዝማ ጠብ ሲያደርጉበት ሥራው ተመለሰ። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው፤ ሄፓሪን ብቻውን አያግድም። በፕላዝማ ውስጥ የሚያግድ ሌላ አለ፤ ሄፓሪን የሚሠራው ከእሱ ጋር ሆኖ ነው። ያ ሌላው ማን እንደሆነ አራቱ ሰዎች አልለዩትም። ተለይቶ ነጥሮ የወጣው በ1968 በኖርዌያዊው አቢልድጎርድ እጅ ነው፤ ስሙም አንቲትሮምቢን ነው።

አንቲትሮምቢን በሁላችንም ደም ውስጥ ሌት ተቀን የሚዞር ፕሮቲን ነው። 432 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ አሠራሩም የወጥመድ ነው። ወጥመድ ስል ለማሳመር ብዬ አይደለም፤ የስፕሪንግ የአይጥ ወጥመድ ያየ ሰው አሠራሩን በትክክል አይቶታል። ከፕሮቲኑ ገላ ውጭ እንደ ቀለበት ወጣ ያለች ክር አለች፤ በዚያች ክር ላይ፣ በ393ኛው ቦታ፣ አንዲት አርጂኒን ተቀምጣለች። የትሮምቢንን አመል አስታውሱ። ትሮምቢን ይመጣል፣ አርጂኒኗን ያያል፣ ይነክሳል። ኢንዛይሙ ሲቆርጥ ለቅጽበት ያህል ከሚቆርጠው ነገር ጋር በጠንካራ ትስስር ይያያዛል፤ በሌላ ጊዜ ውኃ ገብቶ ያላቅቀዋል፣ መቀሱም ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እዚህ ግን ክሯ እንደተቆረጠች በፕሮቲኑ ገላ ውስጥ ታፍኖ የቆየው ስፕሪንግ ይፈታል። የተቆረጠችው ክር ወደ ፕሮቲኑ ሆድ ተምዘግዝጋ ትገባለች፣ በዚያ ካሉት ክሮች መሐል እንደ አንድ ተጨማሪ ድር ትሰካለች፤ ጥርሱን ገና ያላላቀቀውን ትሮምቢንም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ፣ 7 ናኖሜትር ያህል፣ ጎትታ ትወስደዋለች። እዚያ ከአንቲትሮምቢኑ ታች ጋር ይጋጫል፤ የሚቆርጥበት አፉ ይጣመማል። አፉ የተጣመመ መቀስ የጀመረውን መጨረስ፣ የነከሰውንም መልቀቅ አይችልም። ሁለቱ እንደተያያዙ ጉበት ያነሣቸዋል። እያንዳንዱ አንቲትሮምቢን የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ ንብ ነው፣ ነድፎ ይሞታል።

ይህን ሥራ አሳንሼ አላየውም። ነገር ግን አንድ እንከን አለበት፤ ቀርፋፋ ነው። አንቲትሮምቢን ለብቻው ሲሆን ትሮምቢንን ለመያዝ በአሥር ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ይወስድበታል። በዚያ መሐል ትሮምቢን ስንት ፋይብሪኖጅን ይቆርጣል! ሄፓሪን ሲገባ ፍጥነቱ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። የወጥመዱ አሠራር አልተቀየረም፤ ስፕሪንጉ ያው ነው፣ ማጥመጃው ያው ነው። የተቀየረው አይጡና ወጥመዱ የሚገናኙበት ሁኔታ ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንቅረብ። ሄፓሪን ሁለት ዓይነት የስኳር ቀለበቶች እየተፈራረቁ የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ርዝመቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአማካይ 45 ቀለበት ያህል ይሆናል። በየቀለበቱ ላይ የተሰኩት ሰልፌቶች ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ሰንሰለቱ እሾህ እንደለበሰ ነው፤ በሕያዋን አካል ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ እንደ እሱ በኔጋቲቭ ቻርጅ የታጨቀ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ለብዙ ዓመታት ሰዎች የኃይሉ ምንጭ ይኸው የሰልፌቱ ብዛት ይመስላቸው ነበር። አንቲትሮምቢን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው አሚኖ አሲዶች የተሰበሰቡበት ጎን አለው፤ ኔጋቲቭና ፖዘቲቭ ይሳሳባሉ፤ ነገሩ አለቀ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሸካራ ነበር፤ ማግኔት ከብረት ጋር እንደሚጣበቅ ያለ።

በ1976 ግን የተለያዩ ላቦራቶሪዎች በተመሳሳይ ጊዜ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። ሄፓሪንን ከአንቲትሮምቢን ጋር አገናኝተው ሲያጣሩት፣ አጥብቆ የያዘው ከሰንሰለቶቹ ሲሶው ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው ሁለት እጅ፣ ሰልፌቱም ርዝመቱም ተመሳሳይ ሆኖ፣ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው። ሲሶው ምን አለው? ሰንሰለቱን እየቆራረጡ፣ የቆረጡትን እንደገና ከአንቲትሮምቢን ጋር እየፈተኑ ወደ ታች ወረዱ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የደረሱበት ነገር አምስት ቀለበት ነበር። አምስት ብቻ፣ በተወሰነ ተራ የተደረደሩ። ከአምስቱም መሐል የመሐለኛዋ፣ ሦስተኛዋ ቀለበት፣ በሌላ ቦታ የማይገኝ ሰልፌት አላት፤ በሦስተኛው ካርቦኗ ላይ የተሰካ አንድ ሰልፌት። ያንን አንድ ሰልፌት ንቀሉት፤ አምስቱ ቀለበት ከአንቲትሮምቢን ጋር ያለው ትስስር ከሺህ እጥፍ በላይ ይላላል። የቀረው ሰንሰለት ሙሉ እሾሁን እንደለበሰ ቁጭ ብሎ ከንቱ ነው።

ነጠላ የምትለብስ ሴት ታውቀዋለች፤ ሸማኔው ጨርቁን ሁሉ በጥለት አይሞላውም። ጥለቱ ከጫፉ ላይ፣ በልኩ ይገባል፤ የነጠላው ክብር ግን እዚያው ላይ ነው። ሄፓሪንም እንዲሁ ነው፤ ብዙው ሜዳ ነው።

ከጥለቷ አጠገብ ሌላ ረቂቅ ሥራ አለ። አራተኛዋ ቀለበት አይዱሮኒክ አሲድ ትባላለች። የስኳር ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ግትር ነው፣ አንድ ቅርጽ ይይዝና እዚያው ላይ ይጸናል። አይዱሮኒክ ግን ትተጣጠፋለች፤ ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ስትገለባበጥ ትኖራለች። አንቲትሮምቢን ላይ ስታርፍ ከቅርጾቿ አንዱን፣ ጠመም ያለውን፣ ትይዝና ትቆማለች፤ በዚህም የቀለበቶቹ ሰልፌቶች በትክክል ከፕሮቲኑ ፖዘቲቭ አሚኖ አሲዶች፣ ከላይሲኖቹና ከአርጂኒኖቹ፣ ፊት ለፊት ይመጣሉ። በግትር ሰንሰለት መሐል አንዲት ማጠፊያ ማስገባት! የበር ማጠፊያ የገጠመ አናጺ የዚህን ዋጋ ያውቃል፤ በሩን የሚያህል እንጨት ሠርቶ ማጠፊያው ግማሽ ጣት ቢስት በሩ አይዘጋም።

አምስቱ ቀለበት ሲያርፉ አንቲትሮምቢን ይለወጣል። ቀድሞ የማጥመጃዋ ክር ሥሯ በከፊል በገላው ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ አሁን ይወጣል፣ ክሯ ነጻ ትሆናለች። አጠገቧም ያልነበረ መያዣ ቦታ ይገለጣል። ከመርጋት ሰንሰለት ውስጥ ትሮምቢንን የሚወልደው ፋክተር አሥር የሚባለውን ኢንዛይም ይህ ለውጥ በጣም ይነካዋል፤ አምስት ቀለበት ብቻ ያለው ቁራጭ እንኳ አንቲትሮምቢንን በፋክተር አሥር ላይ በብዙ መቶ እጥፍ ያፈጥነዋል።

ለትሮምቢን ግን ይህ አይበቃም፤ ለእሱ የቅርጽ ለውጡ ብዙም አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው ድልድይ ነው። ትሮምቢንም በጎኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቦታ አለው፤ በሄፓሪን ሰንሰለት ላይ የትም ቢሆን ያርፋል፣ መምረጥ አይወድም። ካረፈ በኋላ በሰንሰለቱ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ፣ በሌላው ጫፍ አምስቱን ቀለበት ይዞ የቆመውን አንቲትሮምቢን ያገኛል። ሰንሰለቱ ሁለቱን ለመሸከም ቢያንስ 18 ቀለበት ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ካጠረ ትሮምቢን የሚቆምበት ቦታ የለም። በገበያ ላይ ያሉት አጫጭር ሄፓሪኖች፣ እንደ ኢኖክሳፓሪን ያሉት፣ ከትሮምቢን ይልቅ በፋክተር አሥር ላይ የሚበረቱበት ምክንያት ይኸው ነው። ሰንሰለቱ ተቆርጦ አጥሯል፤ ብዙዎቹ ቁራጮች አምስቱን ቀለበት ቢይዙም ድልድይ አይሆኑም።

ድልድይነቱን የሚያሳይ አንድ የላቦራቶሪ ነገር አለ፤ ሳስበው ያስቀኛል። ሄፓሪን ሲጨመር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ይጨምራል፤ ከዚያ ሄፓሪኑ በጣም ሲበዛ ፍጥነቱ ተመልሶ ይወርዳል። ለምን? ሰንሰለቱ ሲበዛ ትሮምቢኑ በአንዱ ላይ፣ አንቲትሮምቢኑ በሌላው ላይ ይቀመጣሉ። በአንድ ወንዝ ላይ መቶ ድልድይ ብትሠሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ድልድይ ላይ የመገናኘታቸው ዕድል ምን ያህል ነው?

ወጥመዱ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነው ደግሞ የሥራው ጌጥ ነው ብዬ አምናለሁ። አንቲትሮምቢን ትሮምቢንን ይዞ ሲዛባ፣ አምስቱን ቀለበት አጥብቆ የያዘበት ጎኑም አብሮ ይላላል። ሄፓሪን ይለቀቃል። አልተቆረጠም፣ አልተጎዳም፣ ምንም አልጎደለበትም። ሌላ አንቲትሮምቢን ፍለጋ ይሄዳል። ደላላ ነው፤ ሻጭና ገዢን አገናኝቶ፣ ውሉ ሲፈረም ወደሚቀጥለው ቤት የሚሄድ። ልዩነቱ ኮሚሽን አለመቀበሉ ብቻ ነው። የአረንጓዴው ክዳን ቲዩብ ግድግዳ ላይ ያለው ሄፓሪን እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ ያን ሁሉ ደም የሚያቆመው አንዱ ሰንሰለት ደጋግሞ ስለሚሠራ ነው።

አድናቆቴ ልክ አለው። ሄፓሪን የረጋውን አያሟሟም፤ ፋይብሪን ላይ ተጣብቆ ያለውን ትሮምቢን ለመያዝም ይቸገራል። ክሩ ከተፈተለ በኋላ የሚመጣ ደላላ የሚያገናኘው ነገር የለውም። ቀድሞ መገኘት አለበት።

ይህንን ሰንሰለት ማን ሠራው? ሰውነት ፕሮቲን ሲሠራ በዲኤንኤ ላይ የተጻፈ ንድፍ ይከተላል፤ ለሄፓሪን ግን የተጻፈ ንድፍ የለም። ሥራው የሚከናወነው በሴሉ ውስጥ ጎልጂ በሚባለው ክፍል፣ በተራ በሚቀባበሉ ኢንዛይሞች ነው። መጀመሪያ ሜዳው ሰንሰለት ይዘረጋል፣ ሰልፌት የሌለው። ከዚያ አንዱ ኢንዛይም ግሉኮሳሚን ከሚባለው ቀለበት ላይ አንድ ነገር ነቅሎ በምትኩ ሰልፌት ይሰካል። ቀጣዩ መጥቶ የአጎራባቿን ቀለበት አንድ ካርቦን ይገለብጣል፤ ያች የምትተጣጠፈው አይዱሮኒክ የምትወለደው እዚህ ላይ ነው፣ አንድ ካርቦን ብቻ በመገልበጥ። ሌላው በሁለተኛው ቦታ፣ ሌላው በስድስተኛው ቦታ ሰልፌት ይጨምራሉ። እያንዳንዱ የሚሠራው የቀደመው ባዘጋጀው ላይ ነው፤ ማንም ግን ያገኘውን ሁሉ አይጨርስም፣ አንዱን ይሠራል፣ ሌላውን ያልፋል። በመጨረሻ የሚመጣው ያ በሦስተኛው ቦታ የሚሰካው ነው፤ እሱም እጅግ ቁጥብ ነው። ንድፍ የሌለው ሥራ እንዲህ ያለ ጥለት ማውጣቱ፣ አንድ ሸማኔ ሳይሆን ስድስት ሸማኔዎች በተራ አንድ ጨርቅ ላይ እየገቡ የሠሩት ያህል ነው። ሲሶው ብቻ ጥለት ያለው መሆኑም ከዚህ ይመጣል።

ዛሬ በሕክምና የምንጠቀመው ሄፓሪን በአብዛኛው ከዓሣማ አንጀት የሚወጣ ነው። ዓሣማ የማይቀምስ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ሰዎች ስለሄፓሪን የማይረሱት የ2008ቱ ክፉ ታሪክም ከዚህ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ሄፓሪን የተሰጣቸው ሕሙማን ድንገት የደም ግፊታቸው እየወረደ ሲወድቁ፣ የሞቱም ሲኖሩ፣ ምርመራው ከቻይና የመጣው ጥሬ ዕቃ የተበረዘ መሆኑን አሳየ። የተቀላቀለው ኮንድሮይቲን የሚባል፣ ከሄፓሪን የረከሰ የስኳር ሰንሰለት ነበር፤ በኬሚካል ዘዴ በየቦታው ሰልፌት እስኪሞላ ድረስ ተጭኖበታል። በዘመኑ የነበረው የተለመደ ፈተና አልያዘውም፤ የያዙት ረቂቆቹ መሣሪያዎች ናቸው። አጭበርባሪው የተረዳው የሰልፌቱን ብዛት ብቻ ነው፤ ቦታውን አይደለም። እሾሁን ሁሉ አልብሶ ጥለቷን ረሳት። ያ ብዛት ደግሞ ሌላ የደም ሥርዓትን ቀስቅሶ ግፊቱን ጣለው። ሐሰተኛ ወርቅ ክብደቱ ብቻ ነው የሚያታልለው።

በተቃራኒው ቦታውን የተረዱት ሰዎች ያደረጉትን እዩ። በፈረንሳይ የዣን ሾዌ፣ የሞሪስ ፔቲቱና የፒዬር ሲናይ ቡድን አምስቱን ቀለበት ያለ ምንም እንስሳ፣ በኬሚካል ሠራው፤ ውጤቱ በ1983 ወጣ። ስኳርን በላቦራቶሪ ማያያዝ የትዕግሥት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቀለበት በዙሪያው ብዙ እጆች አሉት፤ አንዱን እጅ ከማያያዝህ በፊት የቀሩትን ሁሉ መሸፈን አለብህ፣ ከዚያ ሰልፌት ለሚያስፈልገው እጅ ሽፋኑን ለብቻው መግፈፍ። ሃምሳ የሚያልፉ ደረጃዎች ለአምስት ቀለበት! ከዚህ የመጣው መድኃኒት፣ ፎንዳፓሪኑክስ፣ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ድልድይ መሆን አይችልም፣ ርዝመት የለውም፤ የሚሠራው በፋክተር አሥር ላይ ብቻ ነው። ጥለቱን ከነጠላው ቆርጦ ማውጣት ማለት ይህ ነው።

ዋጋም አለው። ሙሉው ሄፓሪን ማርከሻ አለው፤ ፕሮታሚን የሚባል፣ ከሳልሞን ዓሣ ዘር ፍሬ የወጣ፣ በአርጂኒን የተሞላ ፕሮቲን። የልብ ቀዶ ጥገና ሲያልቅ ይሰጣል፤ ለ100 ዩኒት ሄፓሪን 1 ሚሊግራም ገደማ፣ በደቂቃዎች ውስጥም ፖዘቲቩ ኔጋቲቩን ጠቅልሎ ሥራ ያስፈታዋል። አምስቱ ቀለበት ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ፕሮታሚን የሚጨብጠው ገመድ አያገኝም። ሜዳ ያልነው ረጅሙ ሰንሰለት፣ ከድልድይነቱ ሌላ፣ ለካስ ለመያዣነትም ይጠቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሚከነክነኝን አንድ ነገር ልናገር። ሄፓሪን በሰውነታችን ውስጥ የሚኖረው ማስት ሴል በሚባሉ የሕብረ ሕዋስ ሴሎች ከረጢት ውስጥ ተቆልፎ ነው። ደም ሥር ውስጥ ትሮምቢንን የመጠበቅ ሥራ የእሱ አይደለም፤ የደም ሥሮች ግድግዳ ሄፓራን ሰልፌት የሚባል የእሱ ዘመድ ለብሷል። በ1999 ሄፓሪን እንዳይሠሩ የተደረጉ አይጦች ሲጠኑ የተበላሸው ደማቸው ሳይሆን ማስት ሴላቸው ነበር፤ ከረጢቶቹ ሊይዙት የሚገባውን አልያዙም። የእንስሳው ሄፓሪን የዕለት ሥራው ዕቃ መያዝ ነው ማለት ነው። ደግሞም በባሕር ውስጥ የሚኖሩ፣ ባለ ሁለት ዛጎል፣ እንደ እኛ በትሮምቢንና በፋይብሪን የማይረጋ ፈሳሽ በገላቸው የሚዞር እንስሳት አሉ። ከሥጋቸው ሄፓሪን ወጥቷል። በሰው ፕላዝማ ላይ ሲጨመር ያግዳል፤ አምስቱ ቀለበት፣ ያች የመሐለኛዋ ሰልፌት ሳትቀር፣ እዚያ አሉ።